የሲሚንቶ ገበጣ

ኮዬ ፈጬ፤ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት፤
ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ብቻ የሚመጣበት፤
ሊፍት ሳይሆን ጉልበት ሰውን የሚያወጣበት።

መምህርት ዘርፈሽዋል ሲመሽ ይወርዳሉ፤
የመጨረሻዋን ደረጃ ረግጠው ይላሉ፦
«ስልሳ ሰባት። ከአንድና ከራሱ በቀር
ማንም የማያካፍለው፣ ብቸኛ ቁጥር።»
እንደ እሳቸው ነው ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤
ተናግሬው ግን አላውቅም። ደብተሬን እይዛለሁ።

ከጥበቃው ቤት ደጅ፣ ግንበኞች የተዉት
የሲሚንቶ ንጣፍ አለ። ሳይደርቅ የወጉት
እሳቸው ናቸው፣ በሽሮፕ ጠርሙስ ቂጥ፤
አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ አንዳንዱ ያለ ቅጥ።
ጠጠሩ ከኮንትራክተሩ ክምር ትራፊ፤
ባላጋራቸው ኦቦ ጉተማ፣ ዘበኛው፤
እኔ ውጤት ጸሐፊ።

«ያ ሰው» ይላሉ፣ «ቡዳፔስት የተወለደው፣
ስሙን ፈተና ላይ አልጠይቅህም፣ ተወው፤
ሐሳቡን ያዝ። ይቺን ጉድጓድ አየሃት?
አምስት ጠጠር አላት።
አምስቱ ንብረት ነው፣ ተቆጥሮ የሚቀመጥ።
አምስቱ ትእዛዝ ነው፦ ‹እስከ አምስተኛው ቤት አንዳንድ ስጥ›።
ንብረትና ትእዛዝ ባንድ ጉድጓድ ሲያድር
ኮምፒውተር እሱ ነው፤ መብራት ነው የሚቀር።»

ይሄን ሲሉ መብራት ሄደ።
ኦቦ ጉተማ ሳቁ።

በጨለማው መሃል ጭብጣቸው መጣ፦
«ተጋማሽ ነው ጎዶሎ? ገምት፣ ሳይወጣ።
የኔ ጠጠር ተቆጥሯል፤ አንተ ነህ የማታውቅ።
የአቶም ጠጠር ግን ራሱም አያውቅ፤
እጅ ሲከፈት ነው የሚወስነው።
ለዚህ ጉድ ሕግ ያወጣ ያው ሰውዬ ነው።»

ስለ ገበያም አሉ። ሁለት ድንች ሻጮች፣
ባንድ ጉልት ማዶና ማዶ ተቀማጮች፤
አንዷ ብር ስትቀንስ ሌላዋ ታያለች፣
ማየቷንም ደግሞ ያቺኛዋ ታውቃለች።
«ብልህ የሚያሰላው ምኞቱን አይደለም፤
ባላጋራው ቢጨክን፣ ዓይኑን ባይከድንም፣
ከእጁ የማትወጣውን ያቺን ጥቂት ነው እንጂ።»

ኦቦ ጉተማ ጠጠር እንደያዙ ቀሩ።
«ይሄ ብሎክ» አሉ፣ «ምስር ነበር አፈሩ።
አንድ ቀን ወረቀት መጣ፣ ቁጥር ያለበት፣
ካሬ ሜትር በብር የተባዛበት።
እስቲ ንገሩኝ፤ በሰውየው ሒሳብ ቤት
ተራው ያልደረሰው ተጫዋች ምን ይባላል፣ እመቤት?»

መምህርት ዘርፈሽዋል ለጥያቄ ዝም ሲሉ
አይቼ አላውቅም።
የሩቅ ሲኖትራክ ዳገቱን ሲያቃስት ሰማን።
ቆይተው፣ ለኔም ለሳቸውም ባልሆነ ድምፅ፦

«ቦምቡ ከምድር ስንት ከፍ ቢል ከተማው
ይበልጥ እንደሚፈርስ ያሰላም እሱ ነው።
ስሌቱ ልክ ነበር።
ልክ ነበር» አሉ ደግመው።
«ሲታመም ግን፣ ይባላል፣ አልጋ ላይ ሲውል፣
ሰባትና አራት ስንት ነው ሲሉት
መልሱን ይፈልገው ነበር፣
ሰው በሌሊት ክብሪት እንደሚፈልግ።»

ከዚያ ጠጠራቸውን አራገፉ።
«ይጫወቱ፣ ኦቦ ጉተማ። ተራው የርስዎ ነው።»

ኦቦ ጉተማ ጎንበስ አሉ። በጨለማ፣ በዳሰሳ፣
«ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ»፣ ጣታቸው ሳይሳሳ፣
ምስር እንደሚዘራ ሰው፣ ከእርጥቡ ወደ ደረቁ፣
ዘሩት።
ሲሚንቶው ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

መብራት ሲመጣ ቆጠርኩ። ከአርባ ስምንቱ
አርባ ሰባት ነው ያለው። ኪሳቸው ውስጥ አንዲቱ
ከቁልፉ ጋር ስትንኳኳ ሰምቻለሁ፣
በሩን ሊዘጉ ሲሄዱ።

አርባ ሰባትም ብቸኛ ቁጥር ነው።
መምህርት ዘርፈሽዋል ሳያውቁ አልቀሩም፤
ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ደረጃውን ይዘው ነበር፤
አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ትንፋሽ፣ አሥራ ሦስት።

ደብተሬ ላይ «አርባ ስምንት» ብዬ ጻፍኩ።